ሙሉነሽ ለፖሊት ቢሮ የጻፈችው ማመልከቻ

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ሙሉነሽን የማያውቅ ባጃጅ ነጂ የለም። ሰባ ዓመት ሞልቷት ዛሬም የሰፈሩን ሰው ማመልከቻ የምትጽፍለት እሷ ናት። ቀኑ ከላይ በቀኝ፣ ጉዳዩ መሀል፣ ከታች ደግሞ ግልባጭ ለእገሌ፣ ግልባጭ ለእገሌ። ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ለእሷ ጨው የሌለው ወጥ ነው።

በቤቷ አንድ የቆየ ቀልድ አለ። መብራት ጠፍቶ ሲዘገይ ወይ ውሃ ሳምንት ሙሉ ሲቀር፣ ልጇ ጵርስቅላ "ከፖሊት ቢሮ መልስ እስኪመጣ ጠብቁ!" ትላለች። እናትየውም ትስቃለች፤ የጥርስ ሳቅ።

ለማያውቅ ልንገር። በዚያ በደርግ ዘመን ፓርቲ ሲባል አንድ ብቻ ነበር፤ የፓርቲው ቁንጮ ደግሞ ፖሊት ቢሮ። ጥቂት ሰዎች አዲስ አበባ ተቀምጠው ስለ ቡናውም ስለ ሰዉም ይወስናሉ፤ ፎቷቸው በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደርድሮ ይውላል። ሙሉነሽ ሊሙ ገነት በአንድ የቡና መሥሪያ ቤት ታይፒስት ስለነበረች፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ ፎቶ ሥር ተቀምጣ ስትመታ ትውላለች። ታዲያ አታምናቸውም መሰላችሁ? ታምናቸው ነበር እንጂ! "ክፉዎቹ እዚህ ታች ያሉት ናቸው፤ ላይ ያሉት አልሰሙም እንጂ ቢሰሙማ ..." ትል ነበር። ስንቱ ነው ያኔ እንዲህ ያላለ!

ባሏ ኤርሲዶ ከሆሳዕና በኩል መጥቶ እዚያው ቡና ማጠቢያ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነበር። ጥፋቱ ያኔ ክልክል የነበረው፣ ጎረቤት ሰብስቦ በቤቱ መጸለይ ነው። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ የአውራጃው ፓርቲ ጸሐፊ "ፀረ አብዮት" አለውና ጅማ ከርቸሌ አስገባው። ሙሉነሽ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ስንቅ ለማመላለስ እንዲቀርባት ብላ ጊንጆ ቤት ተከራየች።

አባቦራ የሚባሉ የሊሙ ሽማግሌ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጸሐፊውን ከልጅነቱ ያውቁታል። ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሦስት ጊዜ ደጁን ጠኑ። በሦስተኛው ወደ ሙሉነሽ መጡና፣

"መስከረም አንድ ቀን ይለቀዋል፤ ቃል ሰጥቶኛል" አሏት። "እስከዚያ ድምፅሽ እንዳይሰማ። ሰውየው ኩሩ ነው፤ በሰው ፊት ከነኩት ይጠምማል። ኦብሲ ልጄ፣ ታገሺ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።"

"በወረቀት ሰጥዎት?"

"የምን ወረቀት? ቃሉን ነው የሰጠኝ!"

ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማኅተም ያላረፈበት ቃል ለታይፒስት ምኗ ነው? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ወረቀት የሌለው ሰው ከደጅ ሲመለስ እያየች የኖረች ሴት ናት። አንድ ሳምንት ታገሰች፤ ሁለት ሳምንት ታገሰች፤ ሐምሌ ላይ አላስቻላትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ የእኛዋ ያፈሰሰችውን እንኳ አልለቀመችም።

"ለፖሊት ቢሮ፣ አዲስ አበባ" ብላ ሁለት ገጽ ሙሉ የጸሐፊውን በደል አንድ በአንድ ዘረዘረች። ዋናውን በአደራ ደብዳቤ ፖስታ ቤት ሰጠች። ከታች ግን ምን ብላ ጽፋለች? "ግልባጭ፦ ለአውራጃው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት።" ለዚያው ለከሰሰችው ሰው! ምነው ቢሏት፣ ደብዳቤ የሚጻፈው እንደዚያ ነዋ። ግልባጩን ራሷ ሊሙ ድረስ ወስዳ፣ መዝገብ ቤት አስፈርማ ተመለሰች።

በስድስተኛው ቀን ስንቅ ይዛ ከርቸሌ በር ስትደርስ፣ ዘበኛው "ኤርሲዶ ከዚህ ተወስዷል፤ የበላይ ትእዛዝ ነው" አላት። ደስ አላት! አቤት ደስ ሲላት! ፖሊት ቢሮ ማመልከቻዬን አይቶ አስጠራው ብላ፣ ምሳውን ለሌላ እስረኛ ሰጥታ እየዘመረች ቤቷ ገባች።

ኤርሲዶን ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ጵርስቅላ ተወለደች፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ፎቶዎቹ ከግድግዳ ወረዱ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች "እንግዲህ እርምሽን አውጪ" ቢሏት እምቢ አለች። መልስ ሳይመጣ ድንኳን አይተከልም፤ አንድ ቀን ከአንዱ መዝገብ ውስጥ የደረሰበት ይወጣል አለች። ወደ አርባ ዓመት ሊሆን ነው።

ባለፈው ጥቅምት የድሮው ፓርቲ መዝገብ የተከማቸበት አንድ የመሥሪያ ቤት መጋዘን ተጸዳና አሮጌው ወረቀት ለባለ ሱቅ ተሸጠ። የሰፈራችን ባለ ሱቅ ጠሃ ለኮሎ መጠቅለያ አንድ እስር ገዛ። ሲቀድ ሲቀድ ከአንዱ ወረቀት ግርጌ የሙሉነሽን ስም አየ። ሦስት ቀን ከመደርደሪያው ሥር ደብቆ ተሰቃየና፣ እሑድ ጠዋት ጠራት።

"እትዬ ሙሉ፣ ይቀመጡ መጀመሪያ።"

"ምን ሆነሃል አንተ? ቁሜ አልሰማም?"

"ወላሂ ይቀመጡ።"

ግልባጩ ነበር። ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፦ "ይህ ሰው መስከረም 1 እንዲለቀቅ የተያዘው ሐሳብ ቀርቷል። ሚስቱ ለበላይ አካል ልትከሰን ተነስታለች። ደብዳቤው ከፖስታ ቤት ይመለስ። ሰውየው ዛሬውኑ ተወስዶ እርምጃ ይወሰድበት።" በጀርባው ፖስታው በስፒል ተያይዟል፤ "ለፖሊት ቢሮ" ይላል፤ እንደታሸገ ነው። አዲስ አበባ አልደረሰም።

ሙሉነሽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛ ስትጀምር ጠሃ ወረቀቱን በእጁ ሸፈነባት።

"የአላህ ቀደር ነው፣ የተጻፈ ነው፣ እትዬ። እርስዎ ምን ያድርጉ?"

"ቀደር አትበለኝ፣ ጠሃ። አባቦራ ታገሺ ብለውኝ ነበር።"

ጠሃ ውሃ ሰጣት። አልጠጣችም፤ ወረቀቱን አጥፋ ቤቷ ገባች።

እኩለ ቀን ላይ ጵርስቅላ ከቤተ ክርስቲያን መጣች። መብራት የለም።

"ዛሬም? ከፖሊት ቢሮ መልስ አልመጣማ!"

"መጥቷል" አለች ሙሉነሽ፤ ወረቀቱንም ሰጠቻት።

ልጅቱ እየሳቀች ነው የተቀበለችው። ቀዩን ጽሑፍ ስትጨርስ ፊቷ ዐመድ መሰለ፤ የማታውቀው አባቷ ነዋ። ወረቀቱን እያገላበጠች ቆየችና፣

"ግን ይሄን ለዚህ አውሬ ማን ነው የሰጠው? የትኛው ከሃዲ ነው?" ብላ ጮኸች።

ሙሉነሽ ተነሳች። ነጠላዋን ከመስቀያው አውርዳ፣ ወደ አርባ ዓመት ለኤርሲዶ እምቢ ባለችው የሐዘን አለባበስ፣ አዘቅዝቃ ለበሰች።

"እኔ ነኝ" አለች። "በእጄ ወስጄ፣ አስፈርሜ።"