ከጆሮዋ ሥር የቀረው ጥቀርሻ

«ጫማሽን አጥልቂ፣ አለዚያ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ካሮል ይህን ያለችኝ በሥራዬ የመጀመሪያ ቀን፣ ገና በሩ ላይ ነው። አለቃዬ ናት፤ የድሮ ሥዕል ታድሳለች። የእኔ መደብ ረዳት ይባላል፤ ባልዲ ተሸካሚ ማለት ነው። ከአውሮራ በሁለት አውቶቡስ ሰሜን ዴንቨር ደርሼ፣ የጣልያን ስደተኞች ከመቶ ዓመት በፊት ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማዬን አውልቄ ቆሜያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ነዋ! «እዚህ ሚስማር አለ» አለች። አጠለቅሁ።

ገብቼ ቀና አልኩ። ጣሪያው ሰማይ ነው፤ ከዋክብቱ በወርቅ ቀለም። በግራ ግድግዳው ላይ ልጇን የታቀፈች እመቤታችን፣ በሻማ ጥቀርሻ ጠቁራ ዓይኗ ብቻ ይታያል። ደብረ ታቦር ሳድግ ሥዕሏ ከመጋረጃ ጀርባ ነበር። መጋረጃው ሲገለጥ በሴቶች በኩል በእግሬ ጣት ቆሜ የልብሷን ጫፍ አያለሁ፤ ፊቷን አንድም ቀን በቅጡ አላየሁም። እዚህ ግን እስከ ፊቷ ድረስ የብረት መወጣጫ ተተክሏል። መውጣት ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ሥራው እንዲህ ነው። ጥጥ በቀጭን የቀርከሃ እንጨት ላይ ይጠቀለላል፣ በአፍ ይረጥባል፣ ሥዕሉ ላይ ቀስ ተብሎ ይንከባለላል። መፈተግ የለም። ጥጡ ሲጠቁር ይጣላል፤ ወደ አፍ አይመለስም። ምራቅ ጥቀርሻውን ያነሳል፣ ቀለሙን ግን አይጎዳም።

ካሮል ስታሳየኝ ደነገጥኩ። «እመቤቴ ላይ አልተፋም» አልኳት።

«እሺ። መጥረጊያው እዚያ አለ።»

ሦስት ሳምንት ወለል ጠረግሁ። መወጣጫውን የሚተክሉት ጋሽ ተስፋይ የአስመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛን ተማሪ ቤት የተማሩ፣ ቀልደኛ። አንጋጥጬ ሳይ ያዙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ አንገትሽ ሳይሰበር ለምን አትወጪም?»

«ተፊባት እያለችኝ እንዴት ልውጣ ጋሼ?»

«ከአገርሽ ስትወጪ እናትሽ እንዴት አድርገው መረቁሽ?»

«እንትፍ እንትፍ ብላ።»

«ታዲያ ንቀውሽ ነው?»

መጥረጊያዬን አነሳሁ።

«ዝም ስትይ ዛሬ ገና ማየቴ ነው» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ካሮልን «ምራቅ አለኝ» አልኳት። ከልብሷ ጫፍ አስጀመረችኝ። ጥቀርሻው ሲለቅ ሰማያዊ ወጣ። ከጫፍ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ሕፃኑ እግር፤ በየሳምንቱ አንድ ክንድ ያህል ወደ ላይ። ላይኛው ሳንቃ ላይ ስደርስ ጫማዬን አወልቃለሁ። ካሮል አይታ እንዳላየች ታልፈኛለች።

በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ የቀረው ፊቷ ብቻ ነበር። «ሐሙስ እንጨርሳለን» አለች ካሮል። «አንዱ ጉንጭ ያንቺ ነው።»

ሐሙስ አስተርእዮ ማርያም ነው። ሥራ ካገኘሁ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ለእመቤታችን ተስዬ ነበር፤ ሥራው ደግሞ ይኸው።

«ሐሙስ ኦፍ ስጪኝ፣ ጉንጩ ለዓርብ ይቆየኝ» አልኳት።

«ዓርብ መወጣጫው ይፈታል። ሥዕሏን እያጸዳሽላት ነው፤ አይበቃትም?»

«ስለት ስለት ነው። በሌላ አይተካም።»

«እንግዲያው ጉንጩን እኔው እሠራዋለሁ።»

ሐሙስ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጃንጥላውን አስገባሁ። እልል ተባለ። እኔ ግን ጉንጯን እያሰብኩ ነበር፤ አልዋሽም።

ዓርብ ጠዋት ወጣሁ። ፊቷ በርቷል። ጉንጯ ቀልቷል፤ ገና ከእሳት አጠገብ የተነሳች ሴት ትመስላለች። ከፊቴ አንድ ክንድ አትርቅም። ከጆሮዋ ሥር ግን የጥፍር ያህል ጥቁር አራት ማዕዘን አለ። ካሮል ረስታው አይደለም። ሥዕሉ ምን ያህል ጠቁሮ እንደነበር ከእኛ በኋላ ለሚመጡት እንዲያሳይ ሆን ተብሎ ይተዋል፤ ምስክር እንለዋለን።

ኪሴ ውስጥ ንጹሕ ጥጥ ነበረኝ። ጠቀለልኩት። አፌ ውስጥ አደረግሁት። አጠገቤ ማንም የለም።

«አንቺ ልጅ፣ ውረጂ! ልፈታው ነው» አሉ ጋሽ ተስፋይ ከታች።

ከዚያ ወዲህ በሌሎች ሥዕሎች ላይ ብዙ ፊት አጽድቻለሁ። ለአዲስ ገቢዎች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ምስክሩ አይነካም።

ያን ዓርብ ጥጡን እንደነጣ ከአፌ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት። ጫማዬን አጥልቄ ወረድኩና በጎን በር ወጣሁ።