የቀድሪያ የእሁድ መኪና

ቀድሪያ በደብረ ማርቆስ ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቅ ሸጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሱቁን የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷው ናት። ወገቧም ዓይኗም ደክሟል። አንድ ቀን ለመካኒኩ ለዘማርያም፣ «ረከስ ያለ፣ ጣሪያው የሚከፈት አሮጌ መኪና ፈልግልኝ። እሁድ እሁድ ሰማይ እያየሁ ልንዳ» አለችው።

ዘማርያም ሁለት አገኘላት። ቀዩ ያብረቀርቃል፤ ጣሪያው ቁልፍ ሲጫኑት ብቻውን ይታጠፋል። ሌላው ቀለሙ የደበዘዘ፣ በእጅ የሚታጠፍ ሸራ ያለው ነው። ዘማርያም የቀዩን ምንጣፍ ገልጦ በዝናብ የበሰበሰውን ወለል አሳያት።

«የዚህ ጣሪያ ሞተር ቢበላሽ ዕቃው አይገኝም፣ እትዬ። የዚያኛው ሸራ ግን ቢቀደድም ይሰፋል።»

«መስፋቱን ለእኔ ተወው» አለችና የደበዘዘውን ገዛች።

በመጀመሪያው እሁድ ሸራውን አጣጥፋ የአምበርን መንገድ ያዘች። ከከተማው ወጣ እንዳለች ነፋሱ ፊቷን ሲነካው ዓይኗ ከበዳት። ዳር ይዛ ቆመች፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ለቀቅ አድርጋ ጋደም አለች። ስትነቃ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። መኪናዋን አዙራ ተመለሰች።

በሚቀጥለውም እሁድ እንደዚያው ሆነ። መኪናውን ከገዛች ይኸው ሦስት ወሯ ነው፤ አምበር ግን እስካሁን አልደረሰችም።