ኦቦ ከማልና ርዕስ አልባው የችሎት ፊልም

ኦቦ ከማል ባለፈው ሐሙስ ጧት ሄርማታ ሰፈር ባለው ቤታቸው አረፉ። በዚያው ዕለት ቀበርናቸው። ከቀብር ስንመለስ ዙሪያዬን ባይ፣ ከጥንት ወዳጆቻቸው የቀረነው አንዲት ጋሪ እንኳ አንሞላም። ይህን የምጽፈው ለእነዚሁ ወዳጆችና በየአገሩ ለተበተናችሁት ነው።

ኦቦ ከማል የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ልባቸው ግን አሮጌ ፊልም ላይ ነበር። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት፣ አገር ለቆ የሄደ ጣሊያናዊ ጎረቤታቸው የተወላቸውን አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። መጀመሪያው ተቆርጦ ስለጠፋ ርዕሱንም ሠሪውንም የሚያውቅ አልነበረም። ታሪኩ ከአንድ ችሎት አይወጣም። ባሏን ገድላለች የተባለች ሴት ዳኛ ፊት ቀርባ የሆነውን ሁሉ ትናገራለች።

በደርግ ዘመን፣ ሰው ከቤቱ ተወስዶ ሲቀር፣ ኦቦ ከማል እሑድ እሑድ ሊሙ ገነት እየሄዱ ባዶ የቡና መጋዘን ውስጥ ያሳዩት ነበር። ከፊልም ማሳያው ማሽን አጠገብ ቆመው የሴትዮዋን የጣሊያንኛ ቃል በኦሮምኛ ይተረጉማሉ። ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው እናቶች ደጋግመው ይመጡ ነበር።

ወሬው ካድሬዎች ዘንድ ደረሰ። ቀበሌ ጠርተው፣ የድሮውን ሥርዓት ፍርድ ለምን እንደሚያሳዩ ጠየቋቸው። እኔም ለምስክርነት ተጠርቼ ስለነበር መልሳቸውን ሰምቻለሁ።

«ተናግራ እስክትጨርስ ማንም አላቋረጣትም። ሰው የሚመጣው ይህን ለማየት ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

ክረምቱን እስር ቤት አሳለፉ። ፊልሙን ባለቤታቸው አዴ ዘይነባ በጨርቅ ጣቃ ጠቅልለው አዳኑት። ኦቦ ከማል ሲፈቱ ቶሎ ይደክማቸው ነበር፤ ቢሆንም ወደ ሊሙ ተመለሱ።

ቆይቶ የአሮጌ ፊልም ሰብሳቢዎች ሰሙ። ሌላ ቅጂው የትም አለመገኘቱ፣ ርዕስ አልባነቱም ጭምር አጓጓቸው። አንዱ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ በየሳምንቱ ከታየ እንደሚያልቅ ነግሯቸው እንዲሰጡት ለመናቸው። እውነቱን ነበር፤ ኦቦ ከማልም አልካዱም።

«አንተ ዘንድ ዕድሜው ይረዝማል፤ የሚያየው ግን አይኖርም» አሉትና ምሳ አብልተው ሸኙት።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ መጋዘኑ ሞልቶ ሳለ፣ ሴትዮዋ ቃሏን ልትሰጥ ስትነሣ ፊልሙ ተበጠሰ። የሚቀጠልም አልሆነ። አንዲት እናት ብድግ አሉ።

«የእኔ ልጅ ይህን ያህል እንኳ አልተጠየቀም» ብለው እንዴት እንደተወሰደ መናገር ጀመሩ። ሲጨርሱ ሌላዋ ቀጠሉ። ኦቦ ከማል ማሽኑን አጥፍተው መሬት ላይ ተቀመጡና እስከ መጨረሻዋ አዳመጡ።

ኦቦ ከማል፣ ዘመኑ አድክሞዎት ነበር፤ እኛም ደክመናል። አዴ ዘይነባን ብቻቸውን አንተዋቸውም። አላህ በሰፊው ምሕረቱ ይቀበልዎት። አሁን ይረፉ።