የቢያድግልኝን ባትሪ የበላው

መካነ ሰላም ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ በመግፋት የሚታወቅ ሰፈር ካለ የኛ ነው። የምንገፋው የጎረቤቴን የቢያድግልኝን ነው። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ አንዴ ያቃስትና ዝም ይላል፤ ከዚያ በራችን ይንኳኳል። እኔ ፊቴን ሳልታጠብ የሰው መኪና መግፋት አልወድም፤ ሁልጊዜም የገፋሁት እያጉረመረምኩ ነው። እሱ እንደሆነ መኪናዋ ከተነሳች ወዲያ ማመስገን አያውቅም፤ ጭሱን አልብሶን ይሄዳል።

ቢያድግልኝ ድሮም አርፎ መቀመጥ የማያውቅ ሰው ነው። ምሳውን ቆሞ ይበላል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሄዶ ቁልፉን ሲያንቃጭል ነው የሚታየው። እናቱ ይህን ስም ያወጡለት ከሱ በፊት የወለዷቸው ስላልበረከቱላቸው ነው። እሱም አምና የመጀመሪያ ልጁን አጣ። ሚስቱ ሉሊት ምጥ ሲጠናባት እሱ ሰው ጭኖ ኩታበር ነበር፤ አምቡላንሱም ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። መኪና እስኪገኝ ልጁ አለፈ። ዘንድሮ ደግማ አረገዘች፤ ሐኪሙም ደሴ ሄዳ እንድትወልድ መከራት። ስለዚህ ባትሪው በሞተ ቁጥር ለቢያድግልኝ የሚታየው ያ ቀን ነው። እኔ ይህን እያወቅሁ ማጉረምረሜ ደግ አልነበረም፣ ግን አጉረመረምኩ።

ያላደረገው የለም። አዲስ ባትሪ ገዛ፤ እሱም አድሮ ሞተ። ዲናሞው ነው አሉት፤ አስፈትቶ አስመረመረው፣ ደህና ነው። የሰው ዓይን ነው አሉት፤ ቄስ መዝገቡ መጥተው ከጎማው እስከ ጣሪያው ጠበል ረጩላት። በማግስቱም አልነሳ አለች። ቄሱም ቀሚሳቸውን ሰብስበው አብረውን ገፉ።

በመጨረሻ ገበያው ዳር ወደሚሠራው የመኪና ኤሌትሪከኛ፣ ወደ አሕመድኑር ወሰዳት። ለምን ስገፋ እንደከረምኩ ማወቅ ፈልጌ እኔም አብሬ ሄድኩ። አሕመድኑር የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈታና በገመዱና በባትሪው መሀል ትንሽ አምፖል አገናኘ። ቁልፉ ተነቅሏል፣ በሩ ሁሉ ተዘግቷል፤ አምፖሉ ግን በራ።

“መኪናዋ ተኝታለች፤ አንድ ነገር ግን ነቅቶ ይበላታል” አለ።

ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ። የሚበላው ነገር የተነቀለው ፊውዝ መስመር ላይ ከሆነ አምፖሉ ይጠፋል። ቢያድግልኝ ዙሪያውን እየተሽከረከረ ሬዲዮው ነው፣ ጥሩምባው ነው ይላል። አሕመድኑር አብሽር፣ አይዞህ እያለ መንቀሉን ይቀጥላል። ፊውዙ አለቀ፤ አምፖሉ አልጠፋም። እንግዲያው ፊውዝ ያልነካው፣ ከባትሪው በቀጥታ የተሳበ ሽቦ አለ ማለት ነው። ፈለጉና አገኙት። ሽቦው ከምንጣፉ ሥር ሄዶ፣ በመስታወቱ ጠርዝ ወጥቶ፣ ከሾፌሩ በላይ ካለው መጋረጃ ኋላ ገባ። እዚያ ሲደርስ አሕመድኑር እጁን ሰበሰበ።

ከመጋረጃው ኋላ የእመቤታችን ሥዕል አለች። ቤተ ክርስቲያን እንደሚደረገው ቢያድግልኝም በከፋይ ጋርዷታል፤ ገበሩ ጥቁር ስለሆነ ብርሃን አያሳልፍም። ቅባት በነካው እጁ ነክቷት አያውቅም፤ አቧራዋን የምታራግፍላት ሉሊት ብቻ ናት።

“ይኸን አንተው ግለጠው” አለ አሕመድኑር፤ “እኔ ሽቦ እንጂ የእናንተን መጋረጃ አልነካም።”

ቢያድግልኝ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ አማትቦ ገለጠው። በፍሬሙ ዙሪያ የተደረደሩት ቀያይ አምፖሎች በጠራራ ፀሐይ ቦግ ብለው በርተዋል። አምፖሎቹን ራሱ ነው ያስገጠመው፤ ግን የሚበሩት ቁልፉ ሲዞር ብቻ ነበር።

ቤት ስንደርስ ሉሊት አልካደችም። እንዳረገዘች፣ እሱ ታሞ የተኛ ቀን፣ አንድ ኤሌትሪከኛ ጠርታ መብራቱን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አስቀጥላዋለች። እስክገላገል መብራትሽ አይጠፋም ብላ ለእመቤታችን ተስላ ነው። ስለት ደግሞ አይወራም። ትንንሽ አምፖሎች መኪና ያስተኛሉ ብላ ከየት ታስብ! ይህን ሁሉ ጊዜ እኛ ስንገፋ በመስኮት እያየች ትጸልይልን ነበር። እኔ ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ መቆሟን ሳይ ተውኩት። ቢያድግልኝ ግቢውን ይዞር ገባ። ሽቦውን ቢቆርጠው ስለት ማፍረስ ሊሆን ነው፤ ቢተወው ያ ቀን ሊደገም ነው። የፈረደችው ራሷ ናት።

“ብርሃኑን የተሳልኩት መንገድ እንዳልቀር ብዬ ነው፣ ቢያዴ። በሱ ጦስ ከቀረሁማ ምኑን ስለት ሆነ? ኤሌትሪከኛው ከቁልፉ ጋር ያስረው። መኪናዋ ስትነሳ ይብራ፤ እመቤቴ ታውቅልኛለች።”

ይህን ብላ ግን አለቀሰች። አሕመድኑር በነጋታው እንዳለችው አደረገው።

ምጡ ከተቆረጠለት ቀን ቀድሞ፣ ጠዋት መጣ። ጩኸቱን ስንሰማ እንደ ልማዳችን ሮጠን ከሚኒባሷ ኋላ ተሰለፍን። ትከሻዬን አስጠጋሁ። ቢያድግልኝ ቁልፉን ሲያዞረው መኪናዋ ባንድ ጊዜ ተነስታ ከእጃችን አመለጠች፤ እኔ በአፍጢሜ ልደፋ ምንም አልቀረኝ። ሴቶቹ ማርያም ትቅረብሽ እያሉ እስከ አስፋልቱ ሸኟት። እኔም ያንን ቀን ሥራ አልያዝልህ አለኝ፤ ስልኬን ሳገላብጥ ዋልኩ።

ቢያድግልኝ የደወለው በማግስቱ ነው።

“ማርያም ማረቻት። ሴት ናት፤ ደህና ናቸው” አለኝ።

ከድምፁ ኋላ ሞተር ይጮሃል። ወዴት እየነዳህ ነው አልኩት።

“የትም። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜያለሁ። ከትናንት ጀምሮ አላጠፋሁትም፤ ዘበኛው ሲሰድበኝ አደረ። ካጠፋሁት መብራቷ ይጠፋላ፤ ስለቷ እስክትገላገል ነው።” ከዚያም፣ “አሁን ላጥፋው?” አለኝ።

“አጥፋው” አልኩት።