የእማማ ሣህሊቱ ደብዳቤ በማን እጅ ሄደ

እማማ ሣህሊቱ ጭሮ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍተዋል። አሰፋፋቸውን ልንገራችሁ፤ ደስ የሚል ብልሃት ነው። ልጅ ቶሎ እንደሚያድግ ስለሚያውቁ እጅጌውን አራት ጣት ወደ ውስጥ አጥፈው ይሰፉታል፤ እናት በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየፈታች ታስረዝመዋለች። ከሂርና ከተማ ድረስ ሰው ይመጣላቸው የነበረው በዚህ ነው።

ልጅ አልወለዱም። የእህታቸውን ልጅ ቢራቱን አሳደጉ፤ ዓይናቸው ሲደክምም ቤታቸውን እንዲያከራይ ውክልና ሰጡት። ውክልናው መሸጥን አይጨምርም። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. ገዢ ሲያገኝ የሽያጭ ውሉ ላይ እንዲፈርሙ ጠየቃቸው። እምቢ አሉ። ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ።

ጤና ጣቢያ ያመጣቸው ራሱ ቢራቱ ነው። ነርሷ እሴት መድኃኒት ግዛ ብላ አስወጣችው።

«እማማ፣ ማነው?»

«ወደቅሁ አልኩሽ።»

«የወደቀ ሰው ክንድ ላይ የጣት ምልክት አይወጣም።»

«ቤቴን አልሸጥም ብዬ ነው። ልጄን ግን አልከስም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?»

እሴት ፖሊስ ጋ ደወለች። «ተበዳይዋ ይምጡ፤ አለዚያ የጤና ጣቢያውን ደብዳቤ አምጡ» አሏት። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ አብዲሳ «አመልክቺ ብሎ የሚያስገድድሽ ሕግ አላውቅም» አላት፤ «የሚከለክልሽም አላውቅም።» እሴት የጻፈችው ደብዳቤ ላይም ፈረመ።

እዚህ ላይ የደብዳቤን መንገድ ልብ በሉ። መጀመሪያ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ ፖስታው ይታሸግና አፉ ላይ ማኅተም ያርፋል። መልእክተኛ የለም፤ ለሚሄድበት መሥሪያ ቤት የሚያደርሰው ባለጉዳዩ ነው። እሴት ይህን ሳታስብ ወደ ማዋለጃ ክፍል ተጠራች። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ብሩ እንደ ሁልጊዜው በመስኮት ብቅ ብሎ ተጣራ።

«የሣህሊቱ ባለጉዳይ!»

ቢራቱ ተነሣ። ፖስታው ላይ «ለፖሊስ ጽሕፈት ቤት» ይላል።

«ይሄ የምንድነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የታሸገ ፖስታ ከፍቼ አነባለሁ እንዴ፤ ፈርምና ውሰድ። ማኅተሙን እንዳታበላሸው ብቻ።»

ፈርሞ ወሰደ።

እማማ ሣህሊቱ ክንዳቸው እንዲታይ በተቀጠሩበት ቀን አልመጡም። እሴት ፖሊስ ጋ ጠየቀች፤ የደረሰ ደብዳቤ የለም። ቤታቸው ሄደች፤ የማታውቀው ሰው በሩን ቀለም ይቀባል። አሮጊቷን ያገኘቻቸው ከጓሮ፣ ቀድሞ ማገዶ ይቀመጥበት በነበረው ክፍል ነው።

«እማማ፣ ሌላ ደብዳቤ እናጽፋለን። አሁን ራሴ አደርሰዋለሁ።»

«ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ?» ግራ አውራ ጣታቸውን አሳዩዋት፤ የአሻራው ቀለም ገና አልለቀቀም። «በደህናው እጄ ፈረምኩለት።»