ሰው የሚያስወጣው ደወል

ዛሬ ረፋዱ ላይ ስልኬ ላይ አጭር መልእክት ደረሰኝ። ከሰዓት በኋላ በሆሳዕናና በአካባቢዋ በረዶ የቀላቀለ ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ ይጠበቃል፤ ከዛፍ ሥርና ከወንዝ ዳር ራቁ ይላል። ቀና ብዬ አየሁ፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከጎናችን በሚሠራው ፎቅ ላይ ግንበኞቹ መወጣጫው ላይ ቆመው ይቀላለዳሉ። እኔ ግን መልእክቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ነፋስ ይመጣል ሲባል ሁልጊዜ እንዲህ ያደርገኛል።

ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ ሾኔ ተመደብኩ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና የየቤቱ ጭንቀት ሆኖ ነበር። ዓይን አፋር ነበርኩ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ አልተሰማም» ሲሉኝ ይበልጥ እያፈርኩ ድምፄ ይበልጥ ይጠፋል።

የተከራየሁት እትዬ አየለች ግቢ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቅቤ እየነገዱ የሚኖሩ ብርቱ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ሎምባሞ እንደ ባሕር ዛፍ ተመዞ ነበር። «ማን እደግ አለህ?» ይሉት ነበር ቆጮ እየቆረሱለት። ቀልድ ይመስላል፤ ግን አልነበረም። የረዘመ ልጅ ዕድሜው አይጠየቅም፤ ይወሰዳል።

ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ ዛፍ ላይ፣ የጭነት መኪና ቸርኬ ተንጠልጥሏል። በብረት ሲመታ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል። የስብሰባ ደወል ነበር። ኋላ ግን ለስብሰባ የወጡ ወጣቶች ከአዳራሹ በቀጥታ መኪና ላይ ተጭነው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቸርኬው ሲጮኽ ወጣት የተባለ ሁሉ በጓሮ በኩል ወደ እንሰቱ፣ ከዚያም ወደ ጅረቱ ዳር ይጠፋል። ደወሉን የሚመታው አብዮት ጠባቂው ጡሚሶ ደግሞ የሎምባሞ የገዛ አጎቱ፣ የሟቹ አባቱ ታናሽ ወንድም ነበር። እትዬ አየለች ሰላምታ ነፍገውት ነበር።

በበልግ አንድ ቀን ጠዋት ሬዲዮው በደቡብ የአገሪቱ ክፍል ነጎድጓድ ሊኖር እንደሚችል ተናገረ። የአገሪቱ ደቡብ ሰፊ ነው፤ ማንም ከሥራው አልቀረም። ከሰዓት በኋላ ቆጮ በጎመን ቀርቦልን ሦስታችን እየበላን ሳለ ቤቱ ጨለመ። በበሩ ሳይ ከምዕራብ በኩል ደመናው ጥቁር አረንጓዴ ሆኗል፤ ከሩቅ ደግሞ ጠጠር የጫነ መኪና የሚራገፍ የመሰለ ድምፅ ይመጣል። በረዶ ነው። ግቢው ውስጥ የታሰሩት የእትዬ አየለች ላሞች ጆሯቸውን አቆሙ።

በዚያው ቅጽበት ቸርኬው ተመታ። ደጋግሞ፣ በጥድፊያ።

ሎምባሞ የቆረሰውን ጥሎ በጓሮ በር ወጣ። እናቱ የፊት በሩን በጀርባቸው ደግፈው ቆሙ፤ የሚመጣውን ጥቂት ለማዘግየት ነው። ብዙም ሳይቆይ በረዶው ጣሪያውን ይደበድበው ጀመር። በነፋሱ የአንዱ ቤት ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ተነስቶ ከግቢያችን በላይ አለፈ።

በሩ በኃይል ተንኳኳ። ጡሚሶ ነበር፤ ግንባሩ ደምቷል፤ ጠመንጃው ከትከሻው አልወረደም።

«ልጁስ?» አለ።

«የለም።»

«እንዴት የለም? ሰዉ ወደ ቤት ይግባ ብዬ እኮ ነው የደወልኩት! ዓውሎው ሲመጣ አየሁት።»

እትዬ አየለች ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረቡ። «አንተ ደውለህ ሰው ገብቶ ያውቃል?»

ጡሚሶ ወደ ጓሮው ሊወጣ ሲል ያዙት። «ተቀመጥ። አንተን ካየ ጅረቱ ውስጥ ይገባል።»

እኔና እሳቸው ወጣን። እሳቸው የብረት ሳፋ ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው፣ እኔ የሰሌን ምንጣፍ አጥፌ ተከናንቤ። እንሰቱ በበረዶው ተሰነጣጥቆ ቅጠሉ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ጅረቱ ዳር ስንደርስ ባሕር ዛፎቹ እስከ መሬት ይጎነበሳሉ፤ አንዳንዱ እየጮኸ ይሰበራል። ከግንዶቹ መሀል የሎምባሞን ነጭ ሸሚዝ አየሁ። ከእግሩ በታች ውሃው ደፍርሶ እየሞላ ነበር።

«ከዛፉ ሥር ውጣ!» አልኩ። ያ ድምፅ ከእኔ መውጣቱን አላመንኩም።

«ጡሚሶ የት ነው?»

የለም ብል ውሸት ነው፤ አለ ብል አይመጣም። እትዬ አየለች ግን ሳፋውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው፣

«ቤት ቁጭ ብሎ ቆጮህን እየበላልህ ነው!» አሉ።

ምን እንደሰማበት አላውቅም። ምናልባት የእናቱን የቁጣ ድምፅ፤ ተገዶ የሚጠራ ሰው እንዲያ አይናገርም። ሎምባሞ እየዳኸ ወጣ። ሦስታችንም ተያይዘን ሜዳው ላይ እንደወጣን ከኋላችን መሬቱ ተናወጠ። ዞር ብዬ አላየሁም።

ጡሚሶ ምሰሶው ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ምግቡን አልነካውም። ያን ዕለት ማንንም አልወሰደም። በማግሥቱ ግን ከጅረቱ ዳር የጎረቤታችንን ልጅ አስከሬን ከግንድ ሥር ሲያወጡ አብሮ ተሸከመ። የልጁ እናት በለቅሶዋ መሀል የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሩጥ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ዛሬ ትንበያው ተራቅቋል፤ ከተማውን ለይቶ፣ ሰዓቱን ቆርጦ ይነግራል። ደስ ይለኛል። ነገር ግን ማስጠንቀቂያ የሚሰማ ሰው ከነፋሱ በፊት የሚመዝነው የጠሪውን ድምፅ ይመስለኛል።

ስለዚህ ወጥቼ ግንበኞቹን እንዲወርዱ ለመንኳቸው። «ማን አለ?» አለኝ ከመካከላቸው አንዱ እየሳቀ። ስልኬን አወጣሁ፤ መልሼ ከተትኩት። «እኔ አልኩ፤ እኔ ጎረቤታችሁ» አልኩት። እየተሳሳቁ ወረዱ።

አሁን በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ይቀልዱብኛል፤ ፀሐዩ አሁንም አለ። ነፋሱ ሳይመጣ ቢቀርና እስከ ማታ ቢስቁብኝ ምንኛ በወደድኩ።