የመሐል ሜዳ ኔትወርክ ልጄን አስቀጠራት

ተቀጠረች! ልጄ ትዕግስት ተቀጠረች! እንዴት ዋላችሁ ወዳጆቼ፤ ሰላምታው ከእልልታው ኋላ ቀረ።

መልእክት መላኪያ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች፣ «ኔትወርክ ሲቋረጥ ፕሮግራማችን ምን እንደሚሆን ፈትሺና አሳዪን» ብለው ነበር የፈተኗት።

ሌሎቹ ተፈታኞች ለሙከራው ብለው ኔትወርኩን ያቋርጣሉ አሉ። የእኛን የመሐል ሜዳ ከተማውን ማን ይለምነዋል? ራሱ ይቋረጣል!

እኔ ስራገም፣ «እማዬ፣ አትርገሚው፤ እያገዘኝ እኮ ነው» ትለኛለች። ለካ ፕሮግራሙ መስመር በተቋረጠ ቁጥር አንዱን መልእክት ሁለቴ ይልክ ኖሯል፤ እሷ ደረሰችበት።

ዛሬ ከፈታኞቹ አንዱ ደወለ። «ትዕግስት፣ ፈተናውን...» አለና ስልኩ ጭጭ! መልሶ እስኪደውል እኔ ነፍሴ ልትወጣ፣ እሷ ትስቃለች። ለካ «አልፈሻል» ሊላት ነው!

እናንተስ፣ የረገማችሁት ነገር የባረካችሁ ጊዜ የለም? እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ መጥታችሁ አጫውቱኝ። እንዳትደውሉ ብቻ፣ ይቋረጣል፤ ዝም ብላችሁ ኑ!